አንድሪው ኤይንስሊ ኮመን

አንድሪው ኤይንስሊ ኮመን (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1841 – ጁን 2 ቀን 1903) እንግሊዛዊ መሐንዲስና የትርፍ ጊዜ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። ጨረቃንና ፕላኔቶችን በቴሌስኮፕ ፎቶ ለማንሳት በጀማሪነቱ ያደረገው ሙከራ ትልልቅ የመስታወት ቴሌስኮፖችን ወደ መሥራት መርቶታል። ይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1883 ባነሳው የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶግራፍ ነው።

ልጅነትና ሥራ

ኮመን የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል አፖን ታይን ከተማ ነው። አባቱ ቶማስ ኮመን የዓይን ሞራን በማከም የሚታወቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። አባቱ የሞተው አንድሪው ገና ልጅ ሳለ በመሆኑ፣ ልጁ በለጋ ዕድሜው ሥራ መያዝ ግድ ሆነበት። ለሰማይ ያለው ፍላጎት ግን ቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ከአንድ ሐኪም ቴሌስኮፕ አግኝታለት ሰማዩን ይመለከትበት ነበር።

ካደገ በኋላ ከአጎቱ ጋር ማቲው ሆል በተባለ የቧንቧና የፍሳሽ ማስወገጃ ሥራ ኩባንያ ውስጥ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1867 ትዳር መሠረተ። በሥነ ፈለክ መደበኛ ትምህርት አልነበረውም፤ ምርምሩንም የሚያካሂደው ከመደበኛ ሥራው በሚተርፈው ጊዜና በራሱ ገንዘብ ነበር።

የመጀመሪያው የፎቶ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1874 ኮመን 5.5 ኢንች (14 ሳ.ሜ. ገደማ) ስፋት ባለው የሌንስ ቴሌስኮፕ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ፎቶ ለማንሳት መሞከር ጀመረ። በዚያ ዘመን ፊልም ስላልነበረ ምስሉ የሚቀረጸው ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል በተቀባ ብርጭቆ ላይ ነበር። ኮመን የተጠቀመው በጌላቲን የተሸፈነውን፣ ያኔ አዲስ የነበረውን ዓይነት ነው።

ጨረቃ ከ1840 ጀምሮ ፎቶ ተነሥታለች። ፕላኔቶች ግን እጅግ ይከብዳሉ። ጁፒተር ለምድር በጣም በሚቀርብበት ጊዜ እንኳን ስፋቱ ከጨረቃ ስፋት 40ኛ እጅ ገደማ ብቻ ሆኖ ይታያል። በትንሽ ቴሌስኮፕ በቀጥታ ብርጭቆው ላይ የሚያርፈው ምስል ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ምስሉ በተጨማሪ ሌንስ ሲጎላ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ብርጭቆው ለረጅም ጊዜ ለብርሃን መጋለጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሁለት ችግሮች ይመጣሉ። አንደኛው የአየር መንቀጥቀጥ ሲሆን የፕላኔቱን ጠርዝና መልክ ያደበዝዛል። ሁለተኛው የምድር መዞር ነው፤ በእርሱ ምክንያት ሰማዩ በ3 ሰከንድ ገደማ ውስጥ የጁፒተርን ሙሉ ስፋት ያህል ይንቀሳቀሳል።

ኮመን ከዚህ ሙከራ የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ብዙ ብርሃን የሚሰበስብ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ እንዲሁም የሰማዩን እንቅስቃሴ ሳይዛነፍ የሚከተል ማቆሚያ ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች

እ.ኤ.አ. በ1876 የብሪታንያ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር አባል ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን አጠገብ ወደምትገኘው ኢሊንግ ሄዶ ቀሪ ሕይወቱን በዚያ ኖረ። መስታወት ራሱ ለመሥራት ቢጀምርም በኋላ ጆርጅ ካልቨር ከተባለ የታወቀ ባለሙያ 18 ኢንች ስፋት ያለው መስታወት አሠራ። በዚህም ቴሌስኮፕ የማርስንና የሳተርንን ጨረቃዎች ተመለከተ።

እ.ኤ.አ. በ1879 ከዚሁ ባለሙያ የተገኘ 36 ኢንች (91 ሳ.ሜ.) መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ በቤቱ ግቢ ተከለ። ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያው ቴሌስኮፕ 43 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ማቆሚያውን የነደፈው ኮመን ራሱ ነው። ከባዱ መሣሪያ ሳይንገራገጭ እንዲዞር ዋናው ዘንግ በከፊል በሜርኩሪ ላይ እንዲንሳፈፍ አደረገ። በዚያው ዓመት ጁፒተርን ፎቶ አነሣ፤ ከአምስት ዓመት በፊት በትንሹ ቴሌስኮፕ የጀመረው ሙከራም ፍሬ አፈራ።

የኦሪዮን ኔቡላ

የኦሪዮን ኔቡላን ፎቶ ለማንሳት እ.ኤ.አ. በ1880 ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አሜሪካዊው ሄንሪ ድሬፐር ቀድሞት የመጀመሪያውን የኔቡላ ፎቶ አነሣ። ኮመን ግን መሣሪያውን ማሻሻሉን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1881 የታየውን ታላቅ ጅራታም ኮከብ ፎቶ አነሣ። ፎቶው እየተነሣ ሳለ የቴሌስኮፑ አቅጣጫ ትንሽ ቢዛነፍ ብርጭቆውን ብቻ በማንቀሳቀስ ማስተካከል የሚያስችል መያዣም ፈለሰፈ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1883 ብርጭቆውን ለ37 ደቂቃ ለብርሃን አጋልጦ ያነሳው የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶ፣ በቴሌስኮፕ ውስጥ በዓይን ሊታዩ የማይችሉ ደብዛዛ ከዋክብትን አሳየ። ከዚህ በፊት ፎቶ ዓይን ያየውን መመዝገቢያ ብቻ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ዓይን የማያየውን መፈለጊያ ሆነ። ንጉሣዊው ማኅበር ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1884 የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው። በሚቀጥለው ዓመት የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

የኋለኛው ዘመን

ኮመን ቀጥሎ 60 ኢንች (152 ሳ.ሜ.) ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ለመሥራት ተነሣ፤ የዚህኛውን መስታወት የሠራው ራሱ ነው። ሆኖም በጨለማ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ መሥራት አደገኛ ነበር፤ አንድ ሌሊት ለጥቂት ከመውደቅ ተርፏል። በዚህ መካከል የፎቶ ብርጭቆዎች እየተሻሻሉ ስለመጡ ትንንሽ ቴሌስኮፖችም ጥሩ ውጤት ማስገኘት ጀመሩ። ስለዚህ ትልቁ መሣሪያ የታሰበውን ያህል አላገለገለም።

እ.ኤ.አ. በ1890 ከኩባንያ ሥራው ጡረታ ወጣ፤ ከ1895 እስከ 1897 የንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጠመንጃና ለመድፍ የሚሆኑ ማነጣጠሪያ መነፅሮችን ይነድፍ ነበር። በልብ ሕመም በ61 ዓመቱ በኢሊንግ አረፈ።

ቅርስ

ኮመን 36 ኢንቹን ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1885 ለኤድዋርድ ክሮስሊ ሸጦት ነበር። ክሮስሊ በ1895 በካሊፎርኒያ ለሚገኘው የሊክ ምልከታ ጣቢያ ስላበረከተው የክሮስሊ ቴሌስኮፕ የሚል ስም ወጣለት። ቻርልስ ፔሪን ሂማልያና ኤላራ የተባሉትን የጁፒተር ጨረቃዎች በ1904 መጨረሻና በ1905 መጀመሪያ ያገኛቸው በዚህ ቴሌስኮፕ በተነሡ ፎቶዎች ነው። 60 ኢንቹን ቴሌስኮፕ ደግሞ ኮመን ከሞተ በኋላ የሃርቫርድ ምልከታ ጣቢያ ገዛው።