ፊሊፕ ስኖውደንና የሥራ አጦች አበል

ፊሊፕ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ1864 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር፣ በካውሊንግ መንደር አጠገብ፣ ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። የአካባቢው የሽመና ፋብሪካ ባለቤት በከሰረ ጊዜ ወላጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሥራ ፍለጋ ወደ ኔልሰን ከተማ ሄደዋልና ሥራ ማጣትን ከመጽሐፍ የተማረው አልነበረም። በኤክሳይዝ ቀረጥ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሲሠራ በ1891 አከርካሪውን ታመመና ዕድሜውን ሙሉ በምርኩዝ ሄደ። በ1906 ለፓርላማ ተመረጠ፤ በ1924ም የሠራተኛ ፓርቲ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። የገንዘብ እምነቱ ግን የአሮጌዎቹ ሊበራሎች ነበር፤ በጀት መመጣጠን አለበት፣ ዕዳ ነውር ነው፣ ንግድም ያለ ቀረጥ መካሄድ አለበት።

በ1929 ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዝ ይኸው እምነት ክፉ ፈተና ገጠመው። በ1911 ሕግ የተቋቋመው የሥራ አጥነት መድን ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በሚያዋጡት ገንዘብ የሚኖር ሲሆን፣ መዋጮው የተሰላው ለመጠነኛ ሥራ አጥነት ነበር። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ከፋዩ ያንሳል፣ ተቀባዩ ይበዛል። በ1929 ከአንድ ሚሊዮን ብዙም ያልራቀው የሥራ አጥ ቁጥር በ1931 ከሁለት ሚሊዮን ተኩል አለፈ። መድኑም ከግምጃ ቤት እየተበደረ ዕዳው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ።

በጁላይ 31 ቀን 1931 የሜይ ኮሚቴ የ120 ሚሊዮን ፓውንድ የበጀት ጉድለት እንደሚመጣ ተንብዮ አበሉ በ20 በመቶ እንዲቀነስ መከረ። የውጭ ባለገንዘቦችም ወርቃቸውን ማውጣት ያዙ። ጉድለቱን በከፊል የሚሸፍን የገቢ ዕቃ ቀረጥ ይጣል የሚሉ ሚኒስትሮች ጥቂት አልነበሩም፤ ኢኮኖሚስቱ ኬይንስም ይህንኑ አስቀድሞ መክሮ ነበር። ስኖውደን ግን ብድሩንም ቀረጡንም እንቢ አለ። ሁለቱን በሮች የዘጋው ራሱ ነውና፣ ሌላ መውጫ አልነበረም የሚለው መከራከሪያ ሙሉ በሙሉ አያሳምንም።

በኦገስት 23 ቀን የ10 በመቶ ቅነሳው ለሚኒስትሮች ቀርቦ 11 ሲደግፉ 9 ተቃወሙና መንግሥቱ ፈረሰ። በማግሥቱ በተመሠረተው ጥምር መንግሥት ስኖውደን ሹመቱን እንደያዘ ቀጠለ፤ ፓርቲው ግን አባረረው። በሴፕቴምበር 10 ባቀረበው በጀት የገቢ ግብር ከፍ አለ፤ የወንድ ሥራ አጥ ሳምንታዊ አበልም ከ17 ሽልንግ ወደ 15 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ወረደ። ያ ሁሉ መሥዋዕትነት የተከፈለው ፓውንድ ከወርቅ ጋር ያለው ትስስር እንዳይበጠስ ነበር። የደመወዝ ቅነሳ ያስቆጣቸው የባሕር ኃይል መርከበኞች በኢንቨርጎርደን አደሙ፤ በሴፕቴምበር 21ም ትስስሩ ተበጠሰ። ፓውንድ ረከሰ እንጂ የተፈራው ጥፋት አልደረሰም። ቅነሳው ግን ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ጸንቶ ቆየ፤ አበሉ ወደ ቀድሞው መጠን የተመለሰው በ1934 ነው።

ስኖውደን በ1932 ጥምር መንግሥቱ የገቢ ዕቃ ቀረጥን ሲያጸና በተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ። በሜይ 15 ቀን 1937 አርፎ አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ በካውሊንግ ኮረብታ ላይ ተበተነ።