የጥምጥሙ ክስ፤ የልጅ ኢያሱ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሹም የሆነ ሰው የሌላውን አለባበስ ለመቈጣጠር ሲፈልግ በራሱ ስም አይናገርም፤ የምእመናን ልብ እንዳይቈስል ብሎ ይናገራል እንጂ። የዚህን ዐይነት ንግግር ክብደት ለመመዘን በአገራችን ታሪክ ከልጅ ኢያሱ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ፥ አባታቸውም የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የእስላም ባላባት ሲሆኑ፥ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተጠምቀው ክርስቲያን ሆኑ። እንግዲህ ልጁ የተወለዱት ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ዘመድ መካከል በሚገናኙበት አገር ነው።

ምኒልክ በሕመም በደከሙ ጊዜ በ1901 ዓ.ም. ወራሻቸው መሆናቸውን በዐዋጅ አስነገሩ። ሞግዚታቸው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ በወጣቱ እጅ ገባ። ልጅ ኢያሱ አበዳሪንና ተበዳሪን አንድ ላይ የሚያስረውን ቁራኛ ለማስቀረት ሞከሩ፤ በአዲስ አበባም ተረንቡሌ የተባለውን የከተማ ዘበኛ አቋቋሙ። ጥፋትም ነበረባቸው፤ ከዋና ከተማው ርቀው ብዙ ወራት ይቈያሉ፥ የአያታቸውን ሹማምንት ይንቃሉ፥ የመንግሥቱንም ሥራ ያጓትታሉ።

ነገሩ የከረረው ግን ከእስላሞች ጋር ባደረጉት ወዳጅነት ነው። ከአፋርና ከጅማ ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተዛመዱ፤ በሐረርና በጅጅጋም የሱማሌ ልብስ ለብሰው ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢያሱ ወደ ቱርክ እንዳያዘነብሉ ሠግተው አቤቱታ አቀረቡ። ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍም ተሠራጨ፤ ፎቶግራፉ የተቀነባበረ ነው የሚሉ አሉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ሲሉ ከሰሱ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ በመጀመሪያ ቢያመነቱም በመጨረሻ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ሆኑ። በክሱ ውስጥ የሹመት ቅሬታ፥ የሸዋና የወሎ ፉክክር፥ የውጭ መንግሥታትም ጥቅም ነበረበት፤ በሕዝብ ፊት የተነበበው ግን የክርስቲያኑ ልብ መቈሰል ነው። በዚያው ሰሞን በሐረር ከተማ እስላሞች ተገደሉ። ስለ ጥምጥሙ ማንም ሳይጠይቃቸው ዋጋውን እነርሱ ከፈሉ።

ጥቅምት 17 ቀን ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ድል ተነሥተው ተማረኩ። ኢያሱም ለዓመታት ከተንከራተቱ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በፍቼ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በዚያው እስር ላይ ሳሉ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞቱ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፋሽን ትርዒትን ሲቃወሙ የተናገሩት በባህልና በድኻው ሕዝብ ስም ነበር፤ ውርደቱ የደረሰው ግን በሴት ተማሪዎች ላይ ነው። ከሻሸመኔ የመጣን ደግሞ ጥምጥሙን፥ ነጠላውን፥ የራስ ተፈሪያንንም ጕንጕን ጠጕር በአንድ ገበያ ውስጥ እያየን አድገናል። ገበያተኛው ስለ ዋጋ ይከራከራል እንጂ ስለ ልብስ ሲካሰስ አይሰማም።

ስለዚህ በኅብረታችን ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ የእነ እገሌ ሃይማኖት እንዳይነካ የሚል የአለባበስ ደንብ ቢያቀርብ፥ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እነ እገሌን ራሳቸውን ጠርተን እንጠይቅ። በ1909 ዓ.ም. ይህን ያደረገ አልነበረም።