ራግሁናት ዶንዶ ካርቬ

ራግሁናት ዶንዶ ካርቬ (ጃንዋሪ 14 ቀን 1882 – ኦክቶበር 14 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.) ህንዳዊ የሒሳብ መምህርና ጸሐፊ ነበሩ። በብሪታንያ ቅኝ ግዛት በነበረችው ህንድ የቤተሰብ ምጣኔን በይፋ ካስተማሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

አባታቸው ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ ለሴቶች ትምህርት የታገሉ ሰው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በህንድ የመጀመሪያውን የሴቶች ዩኒቨርሲቲ መሥርተዋል። እናታቸው ራዳባይ እ.ኤ.አ. በ1891 በወሊድ ምክንያት ሲሞቱ ራግሁናት የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ በቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) በዊልሰን ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ፤ ለከፍተኛ ትምህርትም ወደ ፓሪስ ሄዱ።

ክሊኒኩ

እ.ኤ.አ. በ1921 ቆጠራ የህንድ ሕዝብ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነበር። ካርቬ በዚያው ዓመት በቦምቤይ የእርግዝና መከላከያ ክሊኒክ ከፈቱ። ለእሳቸው ጉዳዩ የሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን የእናቶች ጤናና የሴቶች መብትም ነበር፤ ስንት ልጅ መውለድ እንዳለባት ሴቲቱ ራሷ በፈቃዷ እንድትወስን ይፈልጉ ነበር። ማህተማ ጋንዲ በአንጻሩ መታቀብን እንጂ መከላከያን አይደግፉም ነበር። የሚሲዮን ተቋም የነበረው ኮሌጅ ከሥራው ወይም ከዘመቻው አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ማስተማሩን ተዉ።

መጽሔቱና ክሶቹ

ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሳማጅ ስዋስትያ» (የማኅበረሰብ ጤና) የተባለ የማራቲ ቋንቋ ወርኃዊ መጽሔት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አዘጋጁ። ባለቤታቸው ማላቲ በሥራቸው ይደግፏቸው ነበር፤ ባልና ሚስቱ ልጅ ላለመውለድ ወስነው ኖረዋል። መጽሔቱ ስለ ጾታዊ ጉዳዮች በግልጽ በመጻፉ ካርቬ ብልግና በማሰራጨት ተከሰው እ.ኤ.አ. በ1931 100 ሩፒ ተቀጡ። እ.ኤ.አ. በ1934 በድጋሚ ሲከሰሱ ጠበቃቸው ቢምራኦ አምቤድካር ነበሩ፤ በኋላ የነጻዪቱ ህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑት ናቸው። ክሱ ግን በሽንፈት አለቀ፤ ቅጣቱም 200 ሩፒ ሆነ።

ውርስ

የማይሶር ግዛት እ.ኤ.አ. በ1930 የመንግሥት ክሊኒኮችን ከፈተ። ነጻ የወጣችው ህንድ ደግሞ ካርቬ ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አገር አቀፍ የቤተሰብ ምጣኔ መርሐ ግብር ጀመረች። ይሁን እንጂ ከ1975 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ብዙዎች ተገደው መካን እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ይህም ካርቬ ከታገሉለት ፈቃደኝነት ጋር የሚጻረር ነበር።

የሕይወት ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሞል ፓሌካር ዳይሬክተርነት በፊልም ተሠርቷል።