ከደሴ እስከ ሂሮሺማ የተጓዙት ሐኪም

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች የደሴን ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ተቀጣጣዮቹ ቦምቦች የሣር ክዳን ቤቶችን አነደዱ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካውያን ሚሲዮን ሆስፒታልም ከጉዳቱ አላመለጠም። በዚያ ወቅት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዶክተር ማርሴል ዡኖ ከጄኔቭ ተልከው ኢትዮጵያ ከገቡ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆናቸው ነው። የመጡት የእርዳታ ሥራን ለማስተባበር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒትና ሐኪም ማግኘት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ እርዳታው ቁስለኛው ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ ማስከበር ከሁሉም የከበደ ሥራ መሆኑን ተረዱ። ቀሪው ዕድሜያቸው በአብዛኛው ያለፈውም በዚሁ ሥራ ነው።

ዶክተር ዡኖ እ.ኤ.አ. በ1904 በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ ከአንድ የፕሮቴስታንት ፓስተር ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ፣ እናታቸው በጄኔቭ ለእንግዶች ክፍል እያከራዩ ቤተሰቡን አስተዳደሩ። ወጣቱ ማርሴል ገና ተማሪ ሳሉ በረሃብ ለተጎዱ የሩሲያ ሕፃናት እርዳታ በሚያሰባስብ ማኅበር ውስጥ አገልግለዋል። ሕክምና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1929 ተመረቁ፤ ከዚያም በፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ በቀዶ ሕክምና ሠሩ። ጥሪው የደረሳቸው ፋሽስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በዚያን ጊዜ ከተመሠረተ ገና ጥቂት ወራት ብቻ አልፈውት ነበር። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ሠራዊቱ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ክፍተቱን ለመሙላት ከብሪታንያ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከኔዘርላንድና ከግብፅ አምቡላንስ እየተባሉ የሚጠሩ ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች መጡ። ዡኖና የሥራ ባልደረባቸው ሲድኒ ብራውን የእነዚህን ቡድኖች ሥራ ማስተባበር ነበረባቸው። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ይጓዛል፤ መኪና የማያልፍበትን ተራራና ገደል ደግሞ በበቅሎ ይሻገራል። የጦር ግንባሮቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ በመሆናቸው፣ አንድ ሳጥን መድኃኒት ለማድረስ ብዙ ቀናት ይፈጅ ነበር።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን አምቡላንስ ከአየር ተደበደበ። በርካታ ሕሙማንና አንድ ስዊድናዊ ረዳት ሕይወታቸው አለፈ። ዡኖ የደረሰውን ጉዳት ለማጣራት ወደ ስፍራው አቀኑ። በድንኳን ላይ የተዘረጋው ቀይ መስቀል ከሰማይ ጥቃት ሊያድን ካልቻለ፣ ሐኪሞቹን በምን እንደሚጠብቋቸው የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቡድኖች ምልክቱን ከመስቀል ይልቅ ከዛፍ ሥር መሸሸግን መረጡ።

በመጋቢት ወር ዡኖ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አብራሪነት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ባለበት አውሮፕላን ወደ ቆረም በረሩ። አውሮፕላኑ በቆረም ሜዳ እንደቆመ በጣሊያን ቦምብ ወደመ። ከዚያ የከፋው ግን በአካባቢው ያዩት ነው። ከአየር የተረጨው የመርዝ ጋዝ ወታደሩንም ገበሬውንም ቆዳቸውን ልጦ፣ ዓይናቸውን አሳውሮ በየዳገቱ ጥሏቸው ነበር። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም በ1925ቱ የጄኔቭ ስምምነት የተከለከለ ሲሆን፣ ጣሊያንም ይህን ውል ተቀብላ ነበር። ለዚያ ሁሉ ቁስለኛ የሚበቃ መድኃኒትም ሆነ ፋሻ በእጃቸው አልነበረም።

የመርዝ ጋዙ ወሬ ከልዑካኑ ጄኔቭ ደርሷል። የመንግሥታቱ ማኅበር በዚያው ዓመት ስለ ጋዙ ማስረጃ ሲጠይቅ ግን ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ በእጁ ያለውን ሳይሰጥ ቀረ። ዝምታው ለኮሚቴው ዛሬም ድረስ የሚያከራክር ቅርስ ሆኖ ቀርቷል። ዡኖ ያዩትን ለሕዝብ በይፋ የገለጡት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍና ስትቃጠል እዚያው የነበሩት ዡኖ፣ ከኢትዮጵያ የወጡት ይህን ሁሉ ተሸክመው ነው።

ዕረፍት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1936 የበጋ ወራት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፤ ለጥቂት ሳምንታት ተብለው የተላኩት ሐኪም ጦርነቱ እስኪያበቃ እስከ 1939 ድረስ በዚያው ሥራ ላይ ቆዩ። በወቅቱ የነበሩት የጄኔቭ ስምምነቶች የእርስ በርስ ጦርነትን አይመለከቱም ነበር። ስለዚህ ዡኖ በእጃቸው ሕግ ሳይኖር ከሁለቱም ወገን መሪዎች ጋር እየተደራደሩ ምርኮኞችንና ታጋቾችን አለዋወጡ፤ ወሬያቸው ለጠፋ ቤተሰቦችም አጭር መልእክት የሚደርስበትን መንገድ ከፈቱ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በጀርመንና በሌሎች አገሮች የጦር ምርኮኞች የተያዙባቸውን ካምፖች ጎበኙ። ኮሚቴው በዚያ ጦርነት ለምርኮኞች ያደረሰው እሽግ 36 ሚሊዮን ያህል ነበር። እያንዳንዱ እሽግ ወደብ፣ መርከብ፣ ባቡርና የተቀባዩን ስም የያዘ መዝገብ ይጠይቃል፤ ከዚህም በላይ የሁለቱን ተዋጊ ወገኖች ፈቃድ ይሻል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1945 ዡኖ በሞስኮና በሳይቤሪያ በኩል ወደ ጃፓን ተጓዙ፤ ቶኪዮ የገቡት ነሐሴ 9፣ ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ በተመታችበት ዕለት ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ከሂሮሺማ በቴሌግራም የከተማዋን መጥፋትና በቁስለኞች ላይ የሚታየውን እንግዳ ሕመም አሳወቃቸው። ዡኖ መልእክቱን ይዘው ወደ አሜሪካው ጄኔራል ማክአርተር ጠቅላይ መምሪያ ሄዱ። አሜሪካውያኑ ራሳቸው በእርዳታው ሥራ በቀጥታ ላለመሳተፍ ቢመርጡም 15 ቶን ያህል የሕክምና ዕቃ ሰጡ፤ ክፍፍሉንም ቀይ መስቀል እንዲቆጣጠር ተስማሙ። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን ዕቃው ሂሮሺማ አካባቢ ደረሰ። ሐኪሙም ለቀናት በፈራረሱት ሆስፒታሎች እየተዘዋወሩ ከጃፓናውያን ሐኪሞች ጋር ሕሙማንን አከሙ። በቆረም ባዶ እጃቸውን የቆሙት ሰው በሂሮሺማ ዕቃ ይዘው ደረሱ።

ከጦርነቱ በኋላ ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በቻይና ሠርተዋል። በሕመም ምክንያት ለረጅም ሰዓት መቆም ስላቃታቸው የቀዶ ሕክምናውን ትተው የማደንዘዣ ሕክምና ተማሩ፤ በጄኔቭ ሆስፒታልም ይህን ክፍል አቋቋሙ። የዓለም አቀፉ ኮሚቴ አባል፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1961 በሥራ ላይ ሳሉ ልባቸው ቆሞ በ57 ዓመታቸው አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1979 በሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል። በደሴና በቆረም ያገለገሉባቸው ወራት ግን በአገራችን እምብዛም አይወሱም። እርዳታ በመጋዘን ስለተከመረ ብቻ የተራበው ጉሮሮ ውስጥ አይገባም፤ መንገዱን የሚያስከፍት፣ ከታጠቀው ፊት ያለ መሣሪያ ቆሞ የሚለምንና የሚከራከር ሰው ያስፈልገዋል። ዶክተር ማርሴል ዡኖ ይህን ሥራ የጀመሩት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነበር።