ከ10 ለ 1 ሽንፈት በኋላ

ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንገታችንን ደፍተን ወደ ዶርም የምንመለስ ብዙዎች ነን። በዚህ እትም የአንድ መምህር ሕይወት ይዘን የመጣነው ለዚሁ ነው።

ሰይድ አብዱል ረሒም በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሕንድ ሐይደራባድ ተወለዱ። በከተማቸው በዑስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ኳስም ይጫወቱ ነበር። ሙያቸው ግን መምህርነት ነው። በኋላ የሐይደራባድ ከተማ ፖሊስ ቡድንን ይዘው ከ1950 እስከ 1954 የሮቨርስን ዋንጫ 5 ጊዜ በተከታታይ አስነሱ።

የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆነውም በ1951 በኒው ዴልሂው የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ ኢራንን 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። በዓመቱ ግን በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ዩጎዝላቪያ 10 ለ 1 ረታቻቸው። ብዙዎቹ ሕንዳውያን የተጫወቱት በባዶ እግራቸው ነበር።

ረሒም ሥራቸውን አልተዉም። ከ4 ዓመት በኋላ፣ ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልበርን ኦሎምፒክ፣ ሕንድ አስተናጋጇን አውስትራሊያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ በመድረስ ከእስያ የመጀመሪያዋ ሆነች። እዚያ የጠበቀቻቸው ያችው ዩጎዝላቪያ ናት። አሁንም ተሸነፉ፤ ውጤቱ ግን 4 ለ 1 ነበር። ውድድሩን በ4ኛነት ጨረሱ።

በ1962 ወደ ጃካርታ ሄዱ። በመክፈቻው ጨዋታ ደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ተከላካዩ ጀርኔል ሲንግም ጭንቅላቱ ላይ ተጎዳ። ረሒም ከቡድኑ አላስወጡትም፤ ከኋላ አንስተው አጥቂ አደረጉት። በግማሽ ፍጻሜው አገባ፤ በፍጻሜውም ያችኑ ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 1 ሲረቱ አንዷ ጎል የእሱ፣ ሌላዋ የፒ. ኬ. ባነርጂ ነበረች። አንዱ ሲክ፣ ሌላው ሂንዱ፣ አሰልጣኛቸው ሙስሊም፤ ወርቁ ግን የሁሉም ነበር።

ከ9 ወር በኋላ፣ በጁን 1963፣ ረሒም በካንሰር በ53 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ሕንድ ከዚያ ወዲህ በእስያ ጨዋታዎች የእግር ኳስ ወርቅ አላገኘችም። ባነርጂ ግን በተራው አሰልጣኝ ሆኖ ሌሎችን አስተማረ።

ውድ ጀመዓ፣ ጠቃሚ ዕውቀት ከሞት በኋላ አጅሩ እንደማይቋረጥ ገና በመድረሳ ተምረናል። በዚህ ሴሚስተር 10 ለ 1 የተሸነፍን ካለን ደብተራችንን አንዝጋ። ያለፈንም ብንሆን የወደቀውን ወንድማችንን ከቡድኑ አናስወጣው፤ ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ሰዓት አብረነው እንቀመጥ። ምናልባት የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ብቻ ይሆናል።