ዊልያም ማክዶናልድ፦ ድምፅ ሲነፈጋቸው ባንክ ያቆሙት የፎርት ወርዝ ፖለቲከኛ

በቴክሳስ በባርነት ለነበሩ ጥቁሮች ነጻነታቸው በጋልቭስተን ከተማ የታወጀው ጁን 19 ቀን 1865 (እአአ) ነበር። ዊልያም ማዲሰን ማክዶናልድ የተወለዱት ከዚያ ዕለት አንድ ዓመት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዳላስ በስተምሥራቅ በሚገኘው የካውፍማን ካውንቲ ነው። አባታቸው በባርነት ቀንበር ሥር ያለፉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን የራሱን ባንክ አቋቁሞ፣ በቴክሳስ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር እየተባለ ሲጠራ ኖሯል።

ማክዶናልድ በወጣትነታቸው የተቀጠሩት አንድ ነጭ የሕግ ባለሙያና ከብት አርቢ ዘንድ ነበር። ጥቁር ልጅ የሕግ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ማየት እንግዳ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ ስለ ሕግና ስለ ንግድ የመጀመሪያውን ዕውቀት የቀሰሙት ከዚህ ሰው ነው። በ1884 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ወደሚገኘው ሮጀር ዊልያምስ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። ሲመለሱም በፎርኒ ከተማ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኑ።

መምህርነቱ ግን ብዙ አላቆያቸውም። በ1890፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ የካውፍማን ካውንቲ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላም በፓርቲው የግዛት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አገኙ። የዛሬውን የአሜሪካ ፖለቲካ ለሚከታተል አንባቢ ነገሩ ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሪፐብሊካን ማለት የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ ማለት ነበርና የደቡቡ ጥቁር ሕዝብ መጠጊያው እርሱ ነበር። ነጮቹ የቴክሳስ ባለሥልጣናት በአብዛኛው ዴሞክራቶች ነበሩ።

በ1896 ማክዶናልድ የግዛቱ ፖለቲካ መነጋገሪያ ሆኑ። በጉባኤ ላይ ያያቸው የ‘ዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ’ ጋዜጠኛ ረጅም አንገታቸውን አይቶ “የዝይ አንገቱ ቢል” የሚል ቅጽል አወጣላቸው። ስሙ ለማሾፍ ቢወጣም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከተላቸው። በዚያው ዓመት የቆሙት ከጋልቭስተኑ ኖሪስ ራይት ኩኒ በተቃራኒ ነበር። ኩኒ በቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ዘንድ ለዓመታት ወደር ያልተገኘላቸው ጥቁር መሪ ናቸው። የማክዶናልድ አጋር ደግሞ በካውፍማን ካውንቲ ቴሬል ከተማ የባቡር ኩባንያ ያስተዳድሩ የነበሩት ነጩ ባለጸጋ ኤድዋርድ ግሪን ሲሆኑ፣ እናታቸው ሄቲ ግሪን በኒው ዮርክ የገንዘብ ገበያ በሀብታቸውም በቁጠባቸውም ስማቸው የገነነ ሴት ነበሩ። የአንዱ ገንዘብና የሌላው የጥቁር መራጮች ድጋፍ ተደምሮ ጥምረቱ ፓርቲውን ተቆጣጠረ። ኩኒ ሥልጣናቸውን አጥተው ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። ሁለቱ ጥቁር መሪዎች እርስ በርስ ሲፋለሙ፣ በፓርቲው ውስጥ ጥቁሮችን ጨርሶ ማስወጣት የሚሹት ነጮች ኃይላቸውን እያጠናከሩ ነበር። በ1902 ቴክሳስ የድምፅ መስጫ ግብርን በሕገ መንግሥቷ አጸደቀች፤ ለመምረጥ ከ1.50 እስከ 1.75 ዶላር መክፈል ግዴታ ሆነ። ይህ ገንዘብ ለአንድ ጥጥ ለቃሚ ቀላል አልነበረም። በ1923 ደግሞ ጥቁሮች በዴሞክራቶች የቅድመ ምርጫ ሂደት እንዳይሳተፉ በሕግ ተከለከሉ። ማክዶናልድ የፖለቲካ ሕይወታቸውን የመሠረቱበት የድምፅ ብዛት ከእጃቸው ሾልኮ ሲወጣ እያዩ አረጁ።

የቀራቸው ሌላ መንገድ ነበር። በ1899 የቴክሳስ ጥቁሮች የፕሪንስ ሆል ፍሪሜሰን ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ በዚያም ኃላፊነት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆዩ። ፍሪሜሰን የሚለው ቃል በብዙ ኢትዮጵያውያን ጆሮ ጥርጣሬ ያጭራል፤ ለዚያ ዘመን ጥቁር ገበሬና የቀን ሠራተኛ ግን ማኅበሩ ከእኛው ዕድር የሚቀራረብ ነገር ነበር። አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፤ አባል ሲሞት ማኅበሩ ይቀብራል፣ ለመበለቲቱም የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ችግሩ ከመላው ቴክሳስ የሚሰበሰበው ይህ መዋጮ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ለጥቁር ብድር በማይሰጥ የነጮች ባንክ ከተቀመጠ፣ የጥቁሩ ገንዘብ ነጩን ነጋዴ ያደልባል።

ማክዶናልድ መፍትሔውን በፎርት ወርዝ አገኙ። ወደ ከተማዋ ተዛውረው ‘ፍራተርናል ባንክ ኤንድ ትረስት’ የተባለውን ባንክ አቋቋሙ፤ ባንኩም የጥቁሮቹ ማኅበር ቅርንጫፎች ዋና የገንዘብ ማከማቻ ሆነ። በ1906 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር በነበረበት በዚያ ትውልድ፣ የፎርት ወርዙ ባንክ ካፒታል ግን የቀባሪዎች መዋጮ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቁር ነጋዴዎች ሱቅ ለመክፈት፣ ቤተሰቦችም ቤት ለመሥራት ብድር ሲያስፈልጋቸው የሚያንኳኩት በር አገኙ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት በመላው አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ሲዘጉ፣ የማክዶናልድ ባንክ ማዕበሉን ተቋቁሞ አለፈ።

በግንባታም አሻራቸውን አሳርፈዋል። ጥቁር መንገደኛ በነጮች ሆቴል አልጋ መከራየት በማይችልበት ከተማ፣ በባለቤታቸው በጂሚ ስም የተሰየመው ጂም ሆቴል የጥቁር እንግዶች ማረፊያ ሆነ። ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ባለቤት ቢተላለፍም የብሉዝ ሙዚቀኞች ምሽታቸውን የሚያደምቁበት ቤት ሆኖ ስሙ ገነነ። ሕንፃው ዛሬ የለም።

የግል ሕይወታቸው እንደ ንግዳቸው የሰመረ አልነበረም። አምስት ጊዜ አግብተዋል። ስማቸውን የተሸከመው ብቸኛ ልጃቸው በ1918 በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ ተቀጨ። ባንክና ሆቴል ያቆሙት ሰው የሚያወርሱት ልጅ ሳይኖራቸው ቀሪዎቹን ከሠላሳ በላይ ዓመታት ኖሩ።

በስተርጅና ለፓርቲያቸው የነበራቸው ታማኝነትም ላልቶ ነበር፤ ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ ዴሞክራት እጩዎችን የደገፉበት ጊዜ አለ። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከሂዩስተን በመጣ የአንድ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ክስ ላይ ተመሥርቶ፣ ለነጮች ብቻ የተከለለውን የቴክሳስ ቅድመ ምርጫ ሲሽር ማክዶናልድ የ77 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በ24 ዓመታቸው የጀመሩት ትግል በሌሎች እጅ በር ሲከፈትለት ለማየት በቅተዋል።

ማክዶናልድ ጁላይ 5 ቀን 1950 በ84 ዓመታቸው በፎርት ወርዝ አረፉ። የተቀበሩት በከተማዋ ኦክዉድ መካነ መቃብር ነው። የከብትና የነዳጅ ከበርቴዎች ባረፉበት በዚያ ስፍራ፣ የእርሳቸው መቃብር ያለው ለጥቁሮች በተለየው ክፍል ነው።