ዶክተር መላኩ በያን፦ ጥቁርን ከጥቁር ያዛመዱ የወሎ ሰው



ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓልን ስናከብር አርበኞቻችንን እናስታውሳለን። በዋዜማው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ ከተማ ያረፉትን የወሎ ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያንን ግን የሚያነሣቸው ብዙ ሰው የለም። ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ያነሣሣኝ በስብሰባችን ላይ የቀረበ ጥያቄ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ አካባቢያችን ከመጡት እህቶቻችን ጋር የታሪክና የባህል ቀን ለማክበር ለምን ወጪ እናወጣለን? እህል ብንገዛበት አይሻልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዶክተር መላኩ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል።

መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን ሐረር፣ በራስ መኰንን ግቢ ነው። የትውልድ ቀያቸውን ለቀው በሌላ አገር ማደግ የእርሳቸውም ዕጣ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለትምህርት መጀመሪያ ወደ ሕንድ ላኳቸው። ከዚያም በ1914 ዓ.ም. ግድም ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩና በኦሃዮ ግዛት መስኪንገም ኮሌጅ ገቡ።

በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ከአድዋ ድል ወዲህ የኢትዮጵያን ስም በኩራት ያነሡ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቆጥሩም የሚል ወሬ ይነዛ ስለነበር ብዙዎቹ ያዝኑ ነበር። መላኩ ለዚህ ወሬ መልስ የሰጡት በኑሯቸው ነው። ሕክምና ለመማር የመረጡት በዋሽንግተን የሚገኘውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድን ነበር። ታጭታላቸው የነበረችው የአንድ ታላቅ ሹም ልጅ ስትሆን፣ እርሳቸው ግን እጮኝነቱን አፍርሰው ዶረቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ይህን ያደረጉት ዝምድናውን በአፍ ሳይሆን በትዳር ለማሳየት ነው። የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ ጋርም ስለ ኢትዮጵያ ለማጥናትና ለማሳወቅ አብረው ሠሩ።

በ1927 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ይጋብዙ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረው ጆን ሮቢንሰን የመጣው በእርሳቸው በኩል ነው። ወዲያው ግን የጣሊያን ወረራ ደረሰ። ጠላት ከሰሜን ወርዶ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ሐኪሙ መላኩም በስደት አብረዋቸው ነበሩ።

በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ እንዲያስተባብሩ ዶክተር መላኩን ወደ ኒውዮርክ ላኳቸው። እዚያ ለኢትዮጵያ የሚቆረቆር ሕዝብ ሞልቷል፤ ገንዘብ የሚሰበስቡ ማኅበራትም ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም በየፊናው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በየከተማው፣ ከአሜሪካም አልፎ በጃማይካ ቅርንጫፎች አወጣ።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የማደንቀው አሠራሩን ነው። ማኅበሩ ለአርበኞችና ለስደተኞች እርዳታ ይሰበስባል። ከዚያው ጎን ደግሞ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣ እያሳተመ ለአባላቱ ታሪካቸውን ይነግራል፣ በጥቁርነታቸው እንዲኮሩ ያስተምራል። ጋዜጣው የሕትመት ወጪ ነበረበት። በዚያም ቢሆን እርዳታው ብቻ ይበቃል ተብሎ አልተዘጋም። አዋጪው አብዛኛው ራሱ ድኻ ነበረና፣ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ሳንቲም የሚሰጠው የማያውቀውን ሰው እንደ ወገኑ ሲቆጥር ነው። ጋዜጣው ያንን ወገንነት ይገነባ ነበር።

ዶክተር መላኩ ለማኅበሩ ሲሉ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ሲደክሙ በሳንባ ምች ታመው በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የደከሙለትን ነፃነት ሳያዩ የቀሩት ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው። የዘሩት ግን አልጠፋም። ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት በመከራዋ ጊዜ ለደገፏት ጥቁር ሕዝቦች ስትሰጥ፣ ስጦታው የተላለፈው በዚሁ ማኅበር በኩል ነበር። ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ቤተሰቦችም በዚያ ሰፈሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። እህል ቀዳሚ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የተፈናቀለች እህት ዱቄቷን ተቀብላ፣ ስሟን ፈርማ ብቻ የምትሄድ ከሆነ በመዝገባችን ላይ ተረጂ ሆና ትቀራለች። የመጣችበትን አገር፣ የእናቷን ሙያ፣ የልጅነቷን ዘፈን ስትነግረን ግን ጎረቤት ትሆናለች። ጎረቤት ደግሞ ነገ ዕቁብ ትገባለች፣ ዕድር ትገባለች፣ ለሌላዋ ትደርሳለች። የባህሉ ቀን ወጪ ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ነው፤ አባላት ከየቤታችን ብናዋጣ ከእህሉ በጀት አንድ ብር አይነካም።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በየዓመቱ ሚያዝያ 26ን ከአዲስ መጪ እህቶቻችን ጋር የምንውልበት የታሪክና የባህል ቀን እናድርገው። ዝግጅቱን እነርሱ ይምሩት፤ እኛ እናዳምጥ። ልጆቻችንም በዚያ ቀን አንድ የወሎ ልጅ ባሕር ተሻግሮ የሩቁን ሰው ዘመድ እንዳደረገ ይስሙ።